መምህር አስናቀና ሁለቱ ድንጋዮች

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን ፊዚክስ ያስተማረን መምህር አስናቀ ሳቂታ ሰው ነበር። ቤተ ሙከራ የለንም ብለን ስናማርር «አገሩ ሁሉ ቤተ ሙከራ አይደል እንዴ?» ይለናል። ዛሬ ልጆቼ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘውን ፔንዱለም በስልክ ሲያዩ እሱ ክፉኛ ይናፍቀኛል።

ይህ ሳቂታ ሰው አንድ የሚያስፈራው ነገር ነበረው። በልጅነቱ እዚያው አቅራቢያ ባለው በቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ ሲማር ቆይቶ፣ መምህሩን የኔታ ቀለመ ወርቅን ሳይሰናበት ወደ አስኳላ ኮበለለ። «ረግመውኛል» ብሎ አምኖ ተቀመጠ። በእኛ አገር ደግሞ የመምህር እርግማን የዋዛ አይደለም። ማግባቱን እንኳ «ለእርግማኔ ሰው አልጨምርም» ብሎ ትቶታል። የቤተ ልሔም ንግሥ በደረሰ ቁጥር ጉንፋን ይይዘውና ይቀራል!

አንድ የገበያ ቀን ሁለት ድንጋዮችን እኩል ርዝመት ባለው ጠፍር አስሮ ከክፍላችን ጣሪያ ወራጅ ላይ አንጠለጠለ። አንዱን ጥቂት፣ ሌላውን ራቅ አድርጎ ሳበና «አሁን ብለቃቸው የትኛው ቀድሞ ይመለሳል?» አለን።

ግማሾቻችን የቄስ ልጆች ነን። ካህናቱ ሲዘምሙ መቋሚያው ሰፋ ብሎ የሚወዛወዘው ዜማው ሲዘገይ እንደሆነ እያየን ነው ያደግነው። «የቅርቡ!» ብለን ጮኽን።

ለቀቃቸው። እኩል ሄደው እኩል ተመለሱ።

«እንዴት ሆኖ?» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው ስንዱ።

«የራቀው መንገዱ ይረዝማል። ግን በራቀው ልክ ወደ መካከሉ የሚመልሰው ኃይልም ይበረታል፤ ስለዚህ ይፈጥናል።»

«እንዲያ ከሆነ አንተን ከመመለስ ምን ያዘህ ልጄ?» አለ ከመስኮቱ ውጭ አንድ ድምፅ።

ጥምጥማቸው አቧራ የለበሰ ሽማግሌ ቆመዋል። ለገበያ መጥተው በደጅ ሲያልፉ የመምህራችንን ድምፅ ለይተውት ኖሯል። የመምህር አስናቀ ጠመኔ ከእጁ ወደቀ። ሮጦ ወጣና ጉልበታቸው ላይ ተደፋ።

«የኔታ፣ እርግማንዎን ያንሡልኝ» አለ እያለቀሰ።

የኔታ ግራ ገባቸው። «የምን እርግማን? ማን ረገመህ?» አሉና እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። «ከሄድህ ጀምሮ በየጸሎቱ ስምህን ሳነሣ ነው የኖርሁ፣ ገብረ ኢየሱስ።»

የመምህራችንን የክርስትና ስም የሰማነው ያን ቀን ነው። እሱም ከተደፋበት ቀና ሳይል፣ በቀጭን የልጅ ድምፅ «አቤት» አለ።