«ለባለሙያ ግልጽ ነው» የተባለው የስክሪን ማሰሪያዬ

ከቦንጋ እስከ ቢታ ገነት፣ ከዋጫ እስከ ደካ፣ እጄ ያልገባበት የመኪና ዳሽቦርድ የለም። ሽቦ ሲያየኝ በራሱ ይላጣል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ መኩራራት ብፈልግማ ገና ብዙ አለኝ።

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ግን እንዲህ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጅማ ቴክኒክ ተምሬ፣ ሰርተፍኬቴን በላስቲክ አስለብጬ፣ ቦንጋ ጋሽ ወልዴ ጋራዥ ገባሁ። ጋሽ ወልዴ በከተማው አንጋፋው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበሩ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው። ሰርተፍኬቴን ገልበጥ አድርገው አዩና «ወረቀቱ ደህና ነው፤ እስቲ ደግሞ እጁን እንየው» ብለው አንዲት አሮጌ ጂፕ ሰጡኝ። የፊት መብራቷ አይበራም።

በአንድ ሰዓት ውስጥ አበራሁት። ባለቤቱ መርቆኝ ሄደ። ጥፋቴ አጭሩን መብራት ሞክሬ ረጅሙን አለመሞከሬ ነው። ሰውየው ከከተማ ወጣ ብሎ ጭጋግ ሲገጥመው ረጅሙን አበራ። ጡሩምባው አብሮ ጮኸ። አላቋርጥ አለ። እንዲህ እየጮኸ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ደጃፍ አለፈ። ለቀስተኛው ሁሉ ወጥቶ አየው አሉ፤ ሟቹም ብቅ ሳይል አልቀረም።

ጋሽ ወልዴ አልተቆጡኝም። ከዚያ ይልቅ ለአንድ ወር ያህል ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ባለጡሩምባው ይሄ ነው» እያሉ አስተዋወቁኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

አራት ዓመት ረዳት ሆኜ ቴስተር ያዝኩ። ከዚያ ባለሙያ ተባልኩ። ከዚያ የጋራዡ የኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሹመቱን የተቃወመ አልነበረም። ጋሽ ወልዴ ሥራ ሲያቆሙ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ።

በዚያን ጊዜ ካሴቱ ሄዶ፣ ሲዲውም ሄዶ፣ ስክሪን መጥቶ ነበር። ሹፌር ሁሉ ወደ ኋላ ሲሄድ አንገቱን ማዞር ተወና ካሜራና ስክሪን ግጠምልኝ አለ። እኔም ገጠምኩ። ችግሩ የመጣው ከቢታ ገነት በምትመላለስ አንዲት የመሥሪያ ቤት ፒካፕ ነው። ሁለት ሹፌሮች ይፈራረቁባታል። አንደኛው ጋሽ ኃይሌ ናቸው፤ ትራስ ላይ ትራስ ደርበው ነው መንገዱን የሚያዩት። ሌላው ደግሞ ጉልበቱ ከመሪው በላይ የሚታይ ዝሆን ነው። ለአንዱ ያስተካከልኩት ስክሪን ለሌላው ፀሐይ ብቻ ያሳያል።

ስለዚህ የሚስተካከል ስክሪን አስፈለገ፤ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ግራ ቀኝ የሚዞር። ሲያወሩት ቀላል ነው። ከላሜራ ክንድ ትቆርጣለህ። አንደኛው ጫፍ ላይ መታጠፊያ ትሠራለህ። መታጠፊያ ያለበትን ጫፍ ዳሽቦርዱ ላይ በቡሎን ታስራለህ። ስክሪኑን ከላይ ታቆማለህ። እንዲህ የተሠራው ቦንጋ አስፋልት ላይ ሙሽራ ይመስላል። ኮረኮንቹ ላይ ሲወጣ ግን ከምሳ በኋላ እንደተጠራ ተሰብሳቢ ማንቀላፋት ይጀምራል። ዋጫ ሳይደርስ አገጩ ደረቱ ላይ ነው። የመታጠፊያውን ዳዶ ብታጠብቀው ሹፌሩ ሊያስተካክለው አይችልም፤ ብታላላው ይተኛል።

መልሱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ከታች አይቆምም፤ ከላይ ይንጠለጠላል። ክንዱ ዳሽቦርዱ ላይ ደርቆ ይቆማል፣ መታጠፊያው ከላይ ጫፉ ላይ ይሆናል፣ ስክሪኑ ከእሱ ወደ ታች ይወርዳል። የተንጠለጠለ ነገር ቢወዛወዝም ወደ ቦታው ይመለሳል። መታጠፊያው ውስጥ አንዲት የጎማ ሮንዴላ ትገባለች፤ አለቀ። ፒካፗ ቢታ ገነት ደርሳ ስትመለስ ስክሪኑ የተውኩት ቦታ ነበር። ሰዎች እንዴት ደረስክበት ሲሉኝ «አንድ አርብ ከሰዓት አየሁት፣ ገባኝ፣ ሠራሁት» እላለሁ። ሁለት ሦስት ሰው ፊት ካልኩት በኋላ መለወጥ አልተቻለም።

ዋጫ ላይ አስራት የሚባል የሙያ ጓደኛ አለኝ። ጓደኛ የምለው ሌላውን ቃል ወረቀት ስለማይችለው ነው። ጋሽ ወልዴ ዘንድ አብረን ረዳት ነበርን። ማሰሪያዬን አንድ መኪና ላይ አየና በወሩ ሠራው። ሠርቶ ዝም ቢል ምን ነበረበት፤ የራሴ ነው አለ። ሄጄ ስጠይቀው ደንበኛ ፊት «ይሄማ ማንም የሚሠራው ነው» አለኝ። ማንም ከሆነ እስከ ባለፈው ወር ምን ስትሠራ ነበር አልኩት። ጊዜ አልነበረኝም አለ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ዳማ ሲጫወት ነው የሚውለው።

ፓተንት አወጣለሁ ብዬ የተነሳሁት ያን ቀን ነው። ወረቀቱ በእጄ ከገባ አስራት አንድም ማሰሪያ ያለ ፈቃዴ አይሠራም፤ «ማንም» ያላትንም ቃል ይውጣታል። ሰው ሳቀብኝ። ከቦንጋ ቡና እንጂ ስክሪን አይወጣም አሉኝ። ስክሪኑ ይወጣል፣ ቡናውን እናንተ አውጡ አልኩ። በከተማችን ኮሌጅ የሚያስተምር አንድ መምህር ሥዕሉን ሣለልኝ፣ ቅጹን ሞላሁ፣ ናሙናዬን በካርቶን አሽጌ አዲስ አበባ ገባሁ።

ማመልከቻዬን የያዘችው የፓተንት መሥሪያ ቤቱ መርማሪ ሰላም የምትባል ረጋ ያለች ልጅ ናት፤ ምሕንድስና የተማረች። ናሙናዬን አወጣች፣ አዟዟረችው፣ ነቀነቀችው። ስክሪኑ ተወዛውዞ ቦታው ላይ ተመለሰ። ፈገግ አለች። እኔ በልቤ ወረቀቱን በፍሬም ሰቀልኩት።

ከዚያ ሕጉን አስረዳችኝ። ነገሩ አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም። በሙያው ለሠለጠነ ሰው ግልጽ የሆነ ነገር ፓተንት አያገኝም። ለምሳሌ የውስጥ ስፖኪዮ ከላይ ተንጠልጥሎ ይዞራል፤ ስክሪን ደግሞ አለ፤ ሁለቱን የሚያውቅ ባለሙያ ስክሪኑን እንደ ስፖኪዮው ለማንጠልጠል ምን ይከለክለዋል? አለችኝ። አስራት ዋጫ ላይ ያለኝን በሕግ ቋንቋ አለችኝ ማለት ነው። ደሜ ፈላ።

«እህቴ» አልኳት፣ «ስፖኪዮው መኪና ከተፈጠረ ጀምሮ አፍንጫችን ላይ ተንጠልጥሏል። ከመኪና በወጣን በገባን ቁጥር ግንባራችንን ይገጨናል። እኔን ሃያ ዓመት ገጭቶኛል። ዋጫ ያለውንም ገጭቶታል። ማናችንም አላየነውም። ይሄ ግልጽ ከተባለ ድብቅ የሚባለው የቱ ነው?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ክርክሩ ጥሩ ነው አለች። ደስ እንዳላት ያስታውቃል። ከዚያ ወረቀት ሳበችና «ስንት ጊዜ ሞከሩ ጋሼ? ስንቱ ተበላሸ? ምን ያህል ጊዜ ፈጀብዎት?» ብላ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ ምላሴን አንድ ሰው ቢይዝልኝ ኖሮ።

«ምን ሙከራ አለው» አልኩ። «አንድ አርብ ከሰዓት ነው። አየሁት፣ ገባኝ፣ ሠራሁት። የቀዳሁት ሻይ እንኳ አልቀዘቀዘም።»

ቀና ብላ አየችኝ። እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀችኝ። ትኩስ ነበር አልኳት። ጻፈችው።

«ጋሼ፣ የሠለጠነ ባለሙያ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ከደረሰበት፣ ግልጽ ነው የሚባለው እኮ ይሄ ነው።»

ልታባርረኝ አልፈለገችም። ሌላ መንገድ እንዳለ ነገረችኝ፤ አነስተኛ ፈጠራ ተብሎ የሚመዘገብ፣ ይህ የግልጽነት ጥያቄ የማይነሳበት። ቅጹንም አወጣችልኝ። እኔ ስሙን ስሰማ ተነስቼ ቆምኩ። ከቦንጋ ድረስ የመጣሁት አነስተኛ ለመባል አይደለም፣ አነስተኛ የሚባል ሰው ከፈለግሽ ዋጫ አለልሽ አልኳት። ሳቋን ዋጠች። እንግዲያው በሁለት ወር ውስጥ መልስዎን በጽሑፍ ያምጡ አለች። ሌሎች ባለሙያዎች ሞክረው እንዳቃታቸው የሚያሳይ ማስረጃ ካለ ይጠቅማል። የራሴም ያልተሳካ ሙከራ ካለ እሱም ይጠቅማል። የኋለኛውን ሁለት ጊዜ ነው የደገመችልኝ።

በሳምንቱ ዋጫ ሄድኩ። አስራት አንድ አይሱዙ ዳሽቦርድ ሥር ገብቷል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ክርክሩን ከጫማው ጋር ጀመርኩ።

«አንድ ወረቀት ፈርምልኝ።»

«ምን ብዬ?» አለ ጫማው።

«የሚስተካከል ስክሪን ለመሥራት ሞክሬ አልሆነልኝም ብለህ።»

ካቻቢቴውን እንደያዘ ተንሸራቶ ወጣ። ሲናደድ በካፊኖኖ፣ ሲያሾፍ በአማርኛ ነው የሚያወራው። መጀመሪያ በካፊኖኖ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። ቀጥሎ በአማርኛ «አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ አስራት ደደብ ነው ልትል?» አለ።

«ደደብ አላልኩም። የሠለጠነ ባለሙያ ነው፣ ግን አቃተው ነው ያልኩት።»

«እሱማ ይብሳል።»

እጁን በጨርቅ ጠረገና መደርደሪያው ሥር ያለ ጆንያ በእግሩ ገፋ አደረገ። ውስጡ ሰባት የተጣመመ ማሰሪያ ነበር። ሁሉም መታጠፊያቸው ከታች ነው። እነሆ አበላሽቻለሁ፣ አልክድም አለ። ከዚያ ከደብተር ወረቀት ገንጥሎ ከእስክሪብቶ ጋር ሰጠኝ።

«አንተ ያበላሸኸውን መጀመሪያ ጻፍና ፈርም። እኔ ከሥሩ ሰባቱን እጽፋለሁ። አንድ ወረቀት ላይ፣ ሁለታችን።»

እስክሪብቶውን ያዝኩት። አስራት ፊቴን ያየኛል። ሦስት ሹፌሮች ደግሞ በር ላይ ቆመው እሱን ትተው እኔን ያያሉ። «ያበላሸሁት ሥራ ኖሮኝ አያውቅም» አልኩና እስክሪብቶውን መለስኩለት።

«እንግዲያው ማንም የሚሠራው ነው» ብሎ ተመልሶ አይሱዙው ሥር ገባ።

መልሴን ብቻዬን ጻፍኩ። አራት ገጽ ነው። ስፖኪዮውን አስገባሁ፣ ሃያ ዓመት መገጨቴን አስገባሁ፣ የኮረኮንቹን መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ አስገባሁ። ማስረጃ ግን አንድም አላያያዝኩም። ፓተንቱ ተከለከለ። ደብዳቤው ጨዋ ነው፤ የአርቡን ሻይ ሳይቀር ጠቅሶታል።

እኔ አሁንም አልተቀበልኩትም። ደብዳቤው ጋራዤ ውስጥ ተሰቅሏል፣ ሥሩ ላይ በቀይ «ግልጽ አይደለም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ለመጣ ለሄደው እከራከራለሁ። ክርክሩ ትክክል ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቴ አልለቀውም።

ደብዳቤው በደረሰ በወሩ ግን ለሰላም ደወልኩላት። ሰው አንድን ነገር በስህተት ቢያገኘው ፈጠራ ይባላል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እንዴት እንደተገኘ ሕጉ ግድ የለውም አለች። እንዲያውም ባለሙያው ሁሉ በአንድ መንገድ ብቻ ይሠራል ብሎ የሚያምን ከሆነ፣ በዚያው መንገድ ደጋግሞ ከወደቀ፣ ትክክለኛውንም ሳይሳሳት የማይደርስበት ከሆነ፣ ግልጽ አይደለም የሚባለው እሱ ነው አለችኝ። ከዚያም ለምን እንደጠየቅሁ ጠየቀችኝ። ለአንድ ጓደኛዬ ነው አልኩ። «ጓደኛዎ ጊዜው አልፎበታል» አለች።

ያ አርብ እንዲህ ነበር። ከእሱ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ አሥራ አንድ ማሰሪያ አበላሽቻለሁ፤ አስራትን በአራት እበልጠዋለሁ። አሥራ ሁለተኛውንም እንደቀደሙት መታጠፊያውን ከታች አድርጌ ልገጥም ነበር። ጋሽ ኃይሌ መንገድ ሊወጡ ቸኩለው ጡሩምባ ይነፋሉ። እኔ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጭንቅላቴን ፔዳሎቹ መሃል ከትቼ፣ በዳበሳ ቡሎኑን አጠበቅሁ። ተነስቼ ሳየው ያሰርኩት ባዶውን ጫፍ ነው። መታጠፊያው ከላይ ቀርቷል። ስክሪኑን የማደርግበት ስላጣሁ አንጠለጠልኩት።

ጋሽ ኃይሌ ገብተው አዩትና «አንተ፣ ይሄ ነገር ተገልብጦ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«አዲስ ዲዛይን ነው ጋሽ ኃይሌ» አልኳቸው። ሰኞ ሲመለሱ ነቅዬ ላስተካክለው ነበር። የመጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሊያመሰግኑኝ።

በዚህ ሙያ ለምትሠሩ ሁሉ፦ ሥራችሁን እንዴት እንደሠራችሁት የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የተበላሸውንም ቆጥራችሁ ንገሩት፤ ማስረጃው እሱ ነው። እኔ ገልብጬ ገጠምኩት ለማለት አፍሬ ፓተንቱን አጣሁ።