አባባ የነገሩኝ ማመልከቻ

በየሳምንቱ ረቡዕ ካዛንቺስ አንድ ክሊኒክ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ሁላችንም ሳንባችን አልታዘዝ ያለን ሰዎች ነን። የእኔን ሐኪሞቹ የከሰል ጭስ ነው ያመጣው ይላሉ። ድሮ ከቂርቆስ በእግሬ እመላለስበት የነበረውን መንገድ አሁን በታክሲ ነው የምሄደው፤ ከታክሲ ወርጄም ግንብ ተደግፌ ካላረፍኩ አልደርስም። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ነርስ ደብተርና እስክሪብቶ አደለችን።

«በቃ፣ ደረታችሁ ውስጥ ያለውን ጻፉ» አለች። «ማንም አያርማችሁም።»

መጻፍ ጭንቀትን ያቀላል፣ ጭንቀት ሲቀል ትንፋሽም ይረጋጋል ብላ አስረዳችን። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ጀመሩ። እኔን ግን «ማንም አያርማችሁም» ያለችው ደሜን አፈላው። አንድ ጊዜ ያረምኩት ነገር አለና።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከታይፕ ትምህርት ቤት ወጥቼ እዚያው ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። ማመልከቻ ያስፈለገው የሰፈራችን ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። «ጉዳዩ» ብዬ ጽፌ ከሥሩ ሳሰምር ይሰማኝ የነበረው ኩራት፣ ዛሬ ሳስበው ያበሽቀኛል።

አባባ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ወፍጮ ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ከሥራ ሲመጡ ቅንድባቸው ነጭ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ያስቀኝ ነበር። በኋላ ሳሉ መጣ። ከሜክሲኮ ቂርቆስ ለመድረስ ሦስት ቦታ ቆመው ማረፍ ጀመሩ። በዚያ ክረምት ደግሞ አንድ ጭልፋ ሽሮ እንኳ በልተው ሳይጨርሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። በዚያው ሰሞን የፋብሪካው በር ጥበቃ ጡረታ ሊወጣ ነው ተባለ። በእሱ ቦታ ቢመደቡ ከዱቄቱ ይገላገላሉ። ማመልከቻ አስፈለገ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ አጠገቤ ተቀምጠው ነገሩኝ። እየሳሉ፣ እያረፉ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ንፋስ ዱቄቱን እንዳይበትነው ተብሎ መስኮቶቹ በሚስማር መቸንከራቸውን፣ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ጨርቅ ቢጠይቁ አለቃው እንደሳቀባቸው፣ አብረዋቸው ከተቀጠሩት ውስጥ ስንቱ በሳል እንዳለቀ። እኔ በጆሮዬ እየሰማሁ በልቤ እሰርዝ ነበር። ማመልከቻ አጭርና ትሁት ይሁን፣ አለቃ አይወቀስበት ተብዬ ነው የተማርኩት። በማግስቱ ቢሮ ታይፕ አድርጌ ስድስት መስመር ይዤ መጣሁና አነበብኩላቸው።

«የነገርኩሽ የታለ?» አሉ።

«አባባ፣ እንደዚያ ተብሎ አይጻፍም። ይቆጡብዎታል።»

ማንበብ ባይችሉም ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት። «እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙበት።

መልሱ መስከረም ላይ መጣ። ሕመማቸው ከሥራቸው ጋር ስለመያያዙ በማመልከቻቸው ላይ የተገለጸ ነገር ስለሌለ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም ይላል። ደግሜ ልጻፍ ብል በሩ ላይ ሌላ ሰው ተመድቧል። አባባ እዚያው ወፍጮው ጋ ቆዩ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀበርናቸው። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ «ዕጣቸው ነው» እያለ አጽናናን። ዛሬም ይህን ቃል ስሰማ እቃጠላለሁ። የምን ዕጣ? መስኮቱን የቸነከረ ሰው አለ፣ የሳቀ ሰው አለ፣ ቃላቸውን የሰረዝኩ እኔ አለሁ።

በዚህ ሳምንት ረቡዕ አባባ የነገሩኝን እንዳለ ልጽፈው ቆርጬ ተነሳሁ። የሚስማሩን፣ የጨርቁን፣ የጓደኞቻቸውን ነገር ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። ታሪኩ ትዝ ይለኛል፤ ከራሳቸው አፍ የወጣው ቃል ግን፣ ከግማሽ ሰዓቱ ውስጥ፣ አንድ ብቻ ነው የቀረኝ፦ «የሰው ዳቦ ስተነፍስ ኖርኩ።» ሌላውን ብፈልግ፣ ዓይኔን ብጨፍን፣ የለም።

ነርሷ አጠገቤ መጥታ «እማማ፣ ትንሽ ቀለል አለዎት?» አለችኝ።

«አልቀለለኝም» አልኳት።

ያንን ስድስት መስመር ማመልከቻዬን ግን ከቀኑ ጀምሮ እስከ «ከማክበር ሰላምታ ጋር» ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ።