ኢዞሊና ቁልፏን ያዋሰችበት ቀን

የሞንቴኩፖ መንደር ግንብ ቁልፍ ክብደቱ ከአንዲት ቄብ ዶሮ አይተናነስም። ኢዞሊና ግን በሽርጧ ኪስ ይዛው መዞር ከመልመዷ የተነሳ፣ ሌሊት ስታወልቀው በአንድ ጎኗ ያዘመመች ይመስላታል። ቁልፉ የእናቷ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የአያቷ። ኪሱን በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ትደርበዋለች። የሚያልቀው ጨርቁ እንጂ ብረቱ አይደለም።

ዕድሜዋ ሰባ አንድ ነው። አባቷ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። እሷም ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ዳቦውን በብስክሌት ጭና፣ ከታች ከወፍጮው ተነስታ የዳገቱን መንገድ አምስት ጥምዝ እየዞረች ግንቡ ድረስ ትወጣ ነበር። ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ በኋላም ማክሰኞና ዓርብ ለራሷ ዱቄት ለማምጣት ወርዳ ትወጣለች። ይህን ማንም ልብ ብሎት አያውቅም፤ እሷም አታወራም። ድምጿን በደንብ የሚያውቁት ዶሮዎቿ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግንቡ የሚከፈተው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው። በመከር፣ ወይን ከተለቀመ በኋላ፣ በአሮጌ ብስክሌት ከኮረብታ ኮረብታ፣ ከግንብ ግንብ የሚዞሩ ሰዎች ይመጣሉ። ያን ቀን ኢዞሊና በሩን ትከፍታለች፣ ግቢው ውስጥ ያለውን የወይራ መልቀሚያ መረብ ወደ አንድ ጥግ ትከምራለች፣ ጠረጴዛ ታወጣለች፣ ማለፋቸውን በሚመሰክረው ካርዳቸው ላይም ማኅተም ትመታለች። ማኅተሙን ስትመታ ቀና ብላ አታይም። ጫማቸውን ግን ሁሉንም ታስታውሳለች።

ዘንድሮ ታዲያ ብስክሌተኞቹ ዳገቱ በረታብን ብለው አማረሩ። ማኅበራቸውም በግንቦት ወር መንገዱን የሚመረምር ሰው እንደሚልክ አስታወቀ። ሕጉ አጭር ነው፦ ዳገቱን የሚሞክረው ሰው ከወፍጮው ተነስቶ የግንቡን በር እስኪያልፍ ድረስ እግሩ መሬት ከነካ፣ መንገዱ ወደ ፒየትራሎንጋ ይዞራል። ፒየትራሎንጋ ማዶ ያለችው ኮረብታ ናት፤ ሁለቱ መንደሮች ዝናብ መዝነቡን እንኳ ተስማምተው አያውቁም። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ደብዳቤ ላከ፦ ብስክሌተኞቹ ከቀሩ ግንቡ ይታሸጋል፣ ቁልፉም ይመለሳል። ኢዞሊና ደብዳቤውን አጥፋ እዚያው ኪስ ውስጥ፣ ከቁልፉ ጋር ከተተችው።

«ቀላል ነው!» አለ የእህቷ ባል ኔሎ፣ መንደርተኛው ሁሉ ምንጩ ዳር በተሰበሰበ ጊዜ። «አጉርሱት! በባዶ ሆዱ ዳገት የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ይህ ለሞንቴኩፖ አዲስ ነገር አይደለም። በዚያ ዳገት የሚወጣ ሰው በቀይ ወይን የራሰ፣ ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦ ሳይቀምስ አያልፍም። አስከሬን የተሸከሙት እንኳ ቀምሰው ነው የሚያልፉት። እምቢ ያለ የተጣላ ነው።

መርማሪው ማክሰኞ ጠዋት መጣ። አመሪጎ ይባላል፤ ቀጭን፣ ጢሙን የከረከመ፣ ትሑት ሰው ነው። መጀመሪያው ጥምዝ ላይ ኔሎ ጎን ለጎን እየሮጠ አጎረሰው። ሁለተኛው ላይ አራት ሴቶች ተረባርበው አጎረሱት። ሰውዬው አፉ ሞልቶ በአፍንጫው እየተነፈሰ፣ ግን እየነዳ፣ ሦስተኛው ጥምዝ ደረሰ። እዚያ መበለቷ ዘሊንዳ፣ የኢዞሊና የልጅነት ጓደኛ፣ ትሪዋን ይዛ መንገዱ መሃል ቆማለች።

«ልጄ፣ የእነሱን በልተህ የኔን ልታልፍ ነው?»

አመሪጎ ፍሬን ያዘ። ቀኝ እግሩም ወረደ።

ጫካው ውስጥ ያለችው ኩኩ ወፍ ብቻ መጮኋን ቀጠለች።

«መሬት ነካሁ፣ እማማ» አለ አመሪጎ ጫማውን እያየ።

«ዘሊንዳ!» ብሎ ጮኸ ኔሎ። «ሠላሳ ዓመት ስኳር ስትሰስቺ ኖረሽ፣ ደግነቱ ዛሬ ይነሳብሽ?»

«አንተ ደግሞ አፍህን ያዝ! አጉርሱት ያልከው ማን ሆነና!»

«ዳገቱ አይደለም ያወረደዎት።»

ሰው ሁሉ ዞረ። የተናገረችው ኢዞሊና ናት። ጆሮዋ ቀልቷል፤ ዓይኗም ከሰውዬው ጫማ ላይ አልተነሳም። «ዘሊንዳ ናት ያወረደችዎት። ዳገቱ ምንም አላደረገም።»

አመሪጎ ፈገግ አለ። «እውነትዎን ነው። ሰው መንገድ ከዘጋ ሕጉ ከታች እንደገና መጀመር ይፈቅዳል። ግን እኔ ይህን ሁሉ ወይን ተሸክሜ እንኳን ዳገት አልጋም አልወጣ። ሌላ ሰው ካለ ይሞክር፤ ማን ይንዳ የሚል አልተጻፈም።»

ኔሎ ማንም ሳይጠይቀው ጉልበቱን ማሻሸት ጀመረ።

«ማክሰኞ አይደል?» አለች ኢዞሊና በቀስታ። «የዱቄት ቀኔ ነው። መውረዴ ለማንኛውም አይቀርም።»

ብስክሌቷን መንገዱ ዳር ካለው ዶሮ ቤቷ አወጣች፤ ማርሽ የለውም፣ ከፊቱ የዳቦ ቅርጫት አለው። ከዚያ ቆም አለች። በሩ ቀድሞ ካልተከፈተ እዚያ ደርሳ እግሯን ማውረዷ ነው። እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች፤ ከቤተሰቧ ውጭ ሰው እጅ ገብቶ የማያውቀውንም ቁልፍ አውጥታ ዓይኗ እንባ ላቀረረው ዘሊንዳ ሰጠቻት።

«ያዢ፣ እታለም። በአቋራጩ ደረጃ ወጥተሽ በሩን ክፈቺልኝ። ወደ ግራ ነው የሚዞረው።»

ዘሊንዳ ቁልፉን እንደ አራስ ሕፃን በሁለት እጇ ታቀፈችው።

ኢዞሊና ቁልቁል ወርዳ ከወፍጮው ተነሳች። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ጠርዝ እየተመላለሰች፣ ሳትቸኩል፣ ካቴናው ሲጥ ሲጥ እያለ ወጣች። አመሪጎ እግሯን እያየ ከጎኗ ይራመዳል፤ መንደርተኛው ከኋላ ይከተላል። አራተኛው ጥምዝ ላይ ኔሎ ልማድ ሆኖበት ቁራሽ ዳቦ ዘረጋ።

«ኔሎ!» አለ አገሩ ሁሉ ባንድ አፍ።

መጨረሻ ላይ ኮብልስቶኑ ነው። እዚያ የፊት ጎማው ይዘላል፣ ቅርጫቱም ይንኳኳል። በቃኝ ልትል ስትል አንድ ነገር ታወቃት፤ ጎኗ ቀሏታል። ያ ሁሉ ብረት ኪሷ ውስጥ የለም። ለካ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዳቦው ጋር ዶሮ የሚያህል ብረትም ስትሸከም ኖራለች! ሳቋ መጣ። ቀና ስትል ግን በሩ እንደተዘጋ ነው። ዘሊንዳ ከቁልፉ ጋር ትታገላለች።

«ወደ ግራ!» ብላ ጮኸች ኢዞሊና።

በሕይወቷ የጮኸችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዘሊንዳ ደንግጣ ወደ ግራ አዞረች፤ በሩ ተበረገደ፤ ኢዞሊናም እየተንገዳገደች ገባች። ግቢው ውስጡ ቁልቁለት ነው። አሮጌው ፍሬንም እንደ ባለቤቱ ጨዋ ነውና ቁም ብሎ ማንንም አላስቸገረም። ብስክሌቱ በቀጥታ ሄዶ የወይራ መረቡ ክምር ውስጥ ተወረወረ።

ሰው ሁሉ ሮጦ ሲደርስ ኢዞሊና መረቡ ላይ በጀርባዋ ተዘርራ ሁለት እግሮቿን ሰማይ ላይ ሰቅላለች፤ ማውረዱ ይፈቀድ እንደሆነ አላወቀችም።

አመሪጎ ጎንበስ ብሎ አየና እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። «ጀርባዎ ነክቷል» አለ እየጻፈ። «ሕጉ የሚለው እግር ነው፤ ስለ ጀርባ የተጻፈ ነገር የለም። በመከር እንመጣለን።»

መንደሩ በእልልታ ተናጋ። ኔሎ ደረቱን ነፍቶ «አላልኳችሁም?» እያለ ይዞራል። ዘሊንዳ ግን ቁልፉን እንደታቀፈች እያለቀሰችና እየሳቀች ቆማለች። ኢዞሊና ከመረቡ ውስጥ እጇን ዘረጋችላት።

«ቁልፌን አምጪ፣ እታለም» አለች በዚያው ቀስ ባለ ድምጿ። «ተመልሼ መውረዴ ነው። ለካ ዱቄቱን ረስቼዋለሁ።»