የሰባት ቁጥር አልጋ ምሳ

የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ ስል ሰው ሁሉ የወጥ ቤት አለቃ አድርጎ ይቆጥረኛል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለች አንዲት ጎረቤቴ ድግስ ባላት ቁጥር ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚበቃ ትጠይቀኛለች። በምሠራበት ሆስፒታልም ታካሚዎች "ሾርባው ጨው አንሶታል" እያሉ ነው የሚቀበሉኝ። መጀመሪያ አካባቢ እናደድ ነበር። አሁንም እናደዳለሁ፤ ብቻ ሾርባውን ቀምሼ ነው የምናደደው።

ሥራዬ ግን ከታካሚዎቹ ማን በምግብ እጥረት እየተጎዳ እንደሆነ መለየት ነው። በደንብ ያስተማሩኝ ደግሞ መጽሐፎቼ ሳይሆኑ ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ የተኙ አንድ ጡረተኛ ናቸው።

ጋሼ እላቸው ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛው ኮንዶሚኒየም ብቻቸውን ይኖራሉ። የተኙት እግራቸው ላይ ያለው ቁስል አልድን ብሎ ነው። ቀዶ ሐኪሙ እኔ ባለሁበት ቁርጡን ነገራቸው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መሻል ካልጀመረ እግሩ ይቆረጣል። መድኃኒቱ ልክ ነው፤ ቁስሉም በየቀኑ ይታጠባል። ለውጥ ግን የለም።

ምግብ ይሆን እንዳይባል፣ ምሳ ሰዓት ላይ የብሎካቸው ሰው ግማሹ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ይመጣል። ክትፎ፣ ጥብስ፣ ዶሮ ወጥ፣ አጥሚት በፔርሙስ። ነርሷ ባዶውን ሳህን እያየች "ጥሩ በልተዋል" ብላ ትጽፋለች። ሚዛኑም ክብደታቸው መጨመሩን ይመሰክራል። ጠያቂዎቹ ደግሞ ገና ከበሩ "ውይ ጋሼ፣ እንዴት አምሮብዎታል! ፊትዎ ሞላ!" ይላሉ።

ያ የሞላ ፊት እኔን አልጣመኝም። ጤነኛውን እግራቸውን ገልጬ ቅልጥማቸው ላይ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩ። ጣቴን ባነሳም ጉድጓዱ ሊጥ ላይ እንዳለ እዚያው ቀረ። ክንዳቸውን ስለካው እጅጌው ውስጥ አጥንት ብቻ ነበር። "እጄን ጠበቅ አድርገው ይጨብጡኝ" አልኳቸው። "ጨብጬሻለሁ እኮ" አሉ።

"ጋሼ፣ ትናንት ምሳ ምን በሉ?"

"ክትፎ አለ፣ ጥብስ አለ..."

"የመጣውን አይደለም፤ የበሉትን።"

"ተመስገን ነው የኔ ልጅ" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ተመስገን የሚባል ምግብ እኔ ሠንጠረዥ ላይ የለም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ፋይል የማገላብጥ መስዬ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ጎረቤታቸው የሆኑ ሴትዮ ምሳ ዕቃውን ከፈቱ። ጋሼ ሳህኑን ተቀበሉ፣ ደህና አድርገው ጠቀለሉና ጉርሻውን ወደ ሴትዮዋ አፍ አቀኑት።

"በልቼ ነው የመጣሁት ጋሼ!"

"በሞቴ!"

ቤት ቢሆን ሰው ሦስት ጊዜ ይግደረደራል። ሆስፒታል የተኛ ሰው "በሞቴ" ሲል ግን ማን ደፍሮ እምቢ ይላል? ሴትዮዋ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ጎረሱ። ቀጥሎ ባላቸው፣ ቀጥሎ የስድስት ቁጥር አስታማሚ። እሳቸው የጎረሱትን ቆጠርኩ፤ ሁለት ብቻ። በመጨረሻ እኔን አዩኝ። "ሥራ ላይ ነኝ" አልኩ። "በሞቴ!" ጎረስኩ። ክትፎው ግሩም ነበር፤ በራሴ አፈርኩ።

ካርዳቸው ላይ "ከባድ የምግብ እጥረት" ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሙ ሳቀብኝ። "ይሄ ሁሉ ምግብ እየገባ?"

"የሚገባው ጠያቂው ሆድ ነው። ሚዛኑ ላይ የጨመረው ደግሞ ከእጥረቱ የተነሳ ሰውነታቸው ያቆረው ውሃ ነው።"

ራሱ ሄዶ እግራቸውን ተጫነና ጉድጓዱን አየው። ለካ እሱም ያን ሰሞን ሁለት ጊዜ ጎርሶ ኖሯል።

ምሳ ሰዓት ላይ ጠያቂ እንዳይገባ አስከለከልኩ። ጭራሽ ባሰ። ጋሼ ሳህኑን አልነካ አሉ። ስለ እንቁላልና ስለ ወተት፣ ስለ ቁስልና ስለ ሥጋ ረጅም ትምህርት ሰጠኋቸው። በትህትና አስጨረሱኝና "ብቻዬን አይወርድልኝም" አሉ። "እሷ ከሞተች ጀምሮ ቤትም ሻይና ዳቦ ነው። እዚህ ሰው ሲከበኝ ጊዜ ቤቴ እንግዳ የመጣ መሰለኝ።"

አንጀቴን በሉት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እንቁላሉን በእንጀራ ጠቀለልኩና "በሞቴ" አልኩ።

ክው አሉ። "አንቺ! በዚህ ዕድሜሽ እንዲህ አይባልም!"

"እንግዲያው ይጉረሱ።"

ነፍሴን ለማትረፍ የሚጣደፉ ይመስል ጎረሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየምሳው አሥራ አምስት ጊዜ ያህል እሞትላቸው ነበር።

እብጠቱ ሲወርድ ፊታቸው ከሳ። ጠያቂዎቹ ኮሪደር ላይ "ይቺ ልጅ በረሃብ ልትጨርሳቸው ነው!" ብለው አፋጠጡኝ። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። የቁስሉ ዳር ዳር ቀልቶ አዲስ ሥጋ ማውጣት ጀምሯል። "አይቆረጥም" አለ። ጋሼ እግራቸውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት፤ እኔም ማልቀሴን አልደበቅኩም።

ሊወጡ ሲሉ ከዘራቸውን ተደግፈው "ቤት ስገባ ማን በሞቴ ይለኛል?" አሉኝ።

የመውጫ ወረቀታቸው ላይ ከእንቁላሉና ከወተቱ በላይ "ምሳ ከሰው ጋር" ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሙ ሳይስቅ ፈረመበት።