ነጻ የወጣሁበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት አሥራ አምስት ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ ፊቷን አጨፍግጋ እኔ ዘንድ መጣች። እናቷ ከጓደኞቿ ጋር ሐዋሳ እንዳትሄድ ከልክላት ነው። ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና፣ «እማማ፣ ልጅ አሥራ ስምንት ሳይሞላው በሕግ ነጻ መውጣት ይችላል፤ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። «ከየት አወቅሽ?» «እኔ ራሴ ወጥቼ ነበር» ስላት ከት ብላ ሳቀች። ኋላ ፊቴን አየችና መሳቋን ተወች።

ለእሷ በግማሽ ነው የነገርኳት። የቀረውን እዚህ ልጻፈው፤ በዚህ ዕድሜ የሚታፈርበት ነገር ብዙ አይደለም። ነጻ መውጣት ሲባል ሰው ሁሉ እልልታ ይመስለዋል። እኔ የማስታውሰው ፍርሃቱን ነው።

ዘመኑ ሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር። ቤታችን ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ማለዳ ደመናው ከዳሞታ ተራራ ላይ ተንሸራቶ እንሰት ጓሯችን ድረስ ይወርዳል። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም አልቆየች። አባቴ ወንጌላዊ ነበር። አንድ የበልግ ወር ሊሰብክ ሁምቦ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞ ተመለሰና በስምንተኛው ቀን አረፈ። ለእኔ የቀረኝ የሣር ቤት፣ የእንሰት ጓሮ፣ ከመንገዱ ጋር የሚዋሰን ሁለት ጥማድ መሬትና በሚሲዮን ትምህርት ቤት የጀመርኩት ስድስተኛ ክፍል ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴን ገና መያዜ ነው።

የአባቴ ታናሽ ወንድም አንጁሎ ሞግዚቴ ሆነና ወደ ቤቱ ወሰደኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሲቆፍር ያንጎራጉራል፤ ቦዬ ሲቀቀል ትልቁን ቁራጭ ቆዳውን ልጦ ለእኔ ይሰጠኛል፤ «ይህቺ አስተማሪ ትሆንና እኔን ፊደል ታስቆጥረኛለች» እያለ ልጆቹን ያስቅብኛል። ግን አጎቴ ጭሰኛ ነበር። የሚያርሰው መሬት የአካባቢው ባለርስት የግራዝማች ነው፤ የግራዝማች በቅሎ ከሩቅ ስትታይ ያ ሳቂታ ሰው አንገቱ ትከሻው ውስጥ ይገባል። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያንስ ማየት ልጅን ምን ያህል እንደሚያስፈራ በቃል መግለጽ አልችልም። ግድግዳው የተነቃነቀ ያህል ነው።

ግራዝማች መንገድ ዳር ያለውን የአባቴን መሬት ይፈልጉት ነበር፤ ወፍጮ ሊተክሉበት። አባቴ በሕይወት ሳለ ሁለት ጊዜ ጠይቀው እምቢ ብሏቸዋል። አሁን መሬቱ የእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረስኩ ልጅ ነኝ። ሞግዚት በራሱ ፈቃድ የልጅ መሬት አይሸጥም፤ የቤተ ዘመድ ጉባኤ መፍቀድ አለበት። የትኛው ሽማግሌ ነው የሙት ልጅ መሬት ይሸጥ ብሎ ጣቱን የሚያትመው? ነውሩ እስከ ልጅ ልጅ ይከተለዋል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። የግራዝማች ጸሐፊ ሕጉን ሲያገላብጥ ሌላ በር አግኝቶ ኖሯል፦ አሥራ አምስት ዓመት ያለፋትን ልጅ ጉባኤው ከሞግዚት ነጻ ሊያወጣት ይችላል።

ሰኔ ውስጥ ጉባኤው በአጎቴ ቤት ተሰበሰበ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአባቴ ወገን፣ ሁለቱ ከእናቴ ወገን ናቸው። የእናቴ ወገኖች ከገሱባ በዚያ ጭቃ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ቀዩ አፈር እስከ ጉልበታቸው ተለጥፎባቸዋል። የአጎቴ ሚስት አበበች ቆጮ ጋግራ በዳጣ አቀረበች። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ፣ «ተምራለች፤ ፊደል ታውቃለች። ራሷን ታስተዳድር ብዬ ነው» አለ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጆሮው ከበድ ያለ ሽማግሌ፣ «ነጻ የሚወጣው ባሪያ ነው። ልጃችን የማን ባሪያ ነበረች?» ብሎ ጠየቀ። ሌሎቹ ሳቁ፤ ሕጉ እንዲህ እንደሚለው አስረዱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ «አንቺስ ማርታ፣ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

እፈልጋለሁ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ነጻ ከወጣሁ ትምህርት ቤት እመለሳለሁ፣ ሳልወድ የሚድረኝ የለም፣ የአባቴን ቤት በር እከፍታለሁ ብዬ አስቤ ነበር። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው።

ቃለ ጉባኤው ሶዶ ፍርድ ቤት ቀርቦ መዝገብ ውስጥ ገባ። ዳኛው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው ከላይ አዩኝ። «ከዛሬ ጀምሮ በራስሽ ጉዳይ እንደ ትልቅ ሰው ትቆጠሪያለሽ። ብትሸጪ ሸጥሽ፣ ብትዋዋይ ተዋዋልሽ፣ ብትከሰሺ አንቺው ትቆሚያለሽ። ልጅ ነበርኩ ብለሽ አትመለሺም። ገባሽ?» አሉኝ። «ገባኝ ጌታዬ» አልኩ። አልገባኝም ነበር። አጎቴ ከግቢው ስንወጣ ቀድሞኝ በፍጥነት ይሄድ ነበር፤ ደስ ብሎት የሚቸኩል መስሎኝ እየሮጥኩ ተከተልኩት።

በሦስተኛው ቀን፣ «ግራዝማች ይጠሩሻል» አለኝ።

በዝናብ ሶዶ ድረስ ወጣን። ነጠላዬ ሰውነቴ ላይ ተጣብቋል፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ብርዱ ይሁን ፍርሃቱ እንጃ። ቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት ዝናቡ ከላይ ይደበድባል። ግራዝማች፣ ጸሐፊያቸውና ሁለት የማላውቃቸው ምስክሮች ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ወረቀት፣ ብዕርና የጣት ቀለም ተዘጋጅቷል፤ መጻፍ ብችልም ባልችልም እንዳይቸግራቸው። አጎቴ በሩ አጠገብ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

ግራዝማች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚናገሩ ሰው አይደሉም። መፋቂያቸውን ከአፋቸው ሳያወጡ፣ «ነይ ልጄ፣ አትፍሪ። ነጻ ወጣሽ አሉኝ፤ እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ። ጸሐፊው ወረቀቱን አነበበ። ማርታ በገዛ ፈቃዷ መሬቷን ሸጣለች ይላል።

ያኔ ገባኝ። ባለፈው ሳምንት ቢሆን ይህ ወረቀት ከንቱ ነበር። አራት ሽማግሌዎች ካልተጠየቁ የማይሆን፣ ገሱባ ድረስ ሰው ካልተላከ የማይሆን ነገር ነበር። አሁን የእኔ እጅ ብቻ ይበቃል። ልጅነቴ አጥሬ ኖሯል፤ አጥሩን ያፈረስኩት ደግሞ በገዛ አፌ ነው። ሽንቴ ሊያመልጠኝ ደረሰ። አራት ወንዶች እጄን ያያሉ።

ወደ አጎቴ ዞርኩ። ወለሉን ያያል። በወላይትኛ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ፈርሚ ልጄ» አለኝ። «እምቢ ካልሽ እኔን ነው ከመሬቱ የሚያስነሱኝ። ልጆቼን የት ላድርጋቸው?»

ይህን ባይነግረኝ ይሻል ነበር። አባቴ ትዝ አለኝ ብል ደስ ባለኝ፤ አልታወሰኝም። ጥሎ መሮጥ ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ ግን የምሸሽበት ቤት ያው የሚሸጠው ቤት ነው። ከዚያ የወጣው ድምፅ የእኔ አይመስልም ነበር፤ «አልፈርምም።»

«ምን አለች?»

«አልፈርምም ትላለች ጌታዬ» አለ ጸሐፊው።

ግራዝማች መፋቂያቸውን አወጡ። «ማን ነው ይህን ያስተማረሽ?»

«ማንም ጌታዬ።»

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በኋላ ፈገግ ብለው፣ «መልካም። አንቺ ነጻ ነሽ፤ ማን ያስገድድሻል?» አሉ። ወደ በሩ አዩ። «አንጁሎ ግን ነጻ አይደለም።»

ስንመለስ አጎቴ ቀድሞኝ ነበር የሚሄደው። መንገዱ የሚለያይበት ስንደርስ ሳያየኝ፣ «ቤቴ አትምጪ። እኔ ሞግዚትሽ አይደለሁም» ብሎ ሄደ። እውነቱን ነበር። ዳኛው የሰጡኝ ነጻነት በዚህም በኩል ይሠራል፦ ሊያበላኝም ሊያስጠጋኝም ግዴታ የለበትም።

ያን ክረምት በአባቴ ቤት ብቻዬን ከረምኩ። ጣሪያው ያፈሳል፤ ጭጋጉ በቀትርም አይገለጥም። በመንገዱ የበቅሎ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እንሰቱ መሃል ገብቼ እቀመጣለሁ። ሰዎች መጥተው ቤቱን ያቃጥሉታል፣ ወይም አንዱ ጠልፎ ይወስደኛል፣ ማንስ ይጠይቃል እያልኩ። ራስን ማስተዳደር የተባለው ይህ ነበር። ማገዶው እርጥብ ነው፤ እንሰት መፋቅ አላውቅበትም፤ የመጀመሪያው ቆጮዬ ለውሻም አይሆንም። አበበች አንዳንድ ቀን ከባሏ ተደብቃ ጎደሬ በነጠላዋ ሥር ይዛ ትመጣና የእንሰት አፋፋቁን እያሳየች ትሰድበኛለች። «እጅሽ ለብዕር እንጂ ለሥራ አልተፈጠረም!» ትላለች። ስድቧ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! ስለ አጎቴ ግን አልጠይቃትም፤ እሷም አትነግረኝም።

መስከረም መጣና ጊፋታ ደረሰ። ለወላይታ አዲስ ዓመት ነው፤ ደሃ እንኳ ተደራጅቶ ሥጋ የሚበላበት ሰሞን። ከየጎረቤቱ የቅቤና የሥጋ ሽታ እየመጣ እኔ ደጃፌ ላይ በቆሎ እጠብስ ነበር። በአጥሩ በኩል ኮቴ ሰማሁና ተነሣሁ። የበቅሎ አይደለም። አንዲት ላም፣ ማሰሮና ምንጣፍ የተሸከመች አበበች፣ ሦስት ልጆች፤ ከፊታቸው አጎቴ። ግራዝማች አዝመራው እስኪደርስ እንኳ አልጠበቁትም።

መዝጊያው ክፍት ነበር። የገዛ ወንድሙ ቤት ነው፤ ጣሪያው ሲከደን ሣር ያቀበለ ሰው ነው። ግን አልገባም። እንደ ባዕድ ውጭ ቆሞ፣ ቆቡን አውልቆ፣ «የቤቱ ባለቤት፣ እንግባ ወይ?» አለ።

አላሾፈም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ አላሾፈም። ትንሿ ልጁ እንደ ወትሮው ወደ እኔ ልትሮጥ ስትል ትከሻዋን ይዞ አስቀራት። መልሴን ነበር የሚጠብቀው።

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ በግራዝማች ቤት እንኳ። እዚያ የሚጎዳኝ ሌላ ሰው ነበር። እዚህ ግን ለአፍታ እምቢ ማለት አማረኝ። «ቤቴ አትምጪ ያልከኝ ማን ነበር?» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገረው መብቴ ነው፤ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ማንም አያስገድደኝም። አምስት ነፍስ ወደ መንገዱ ይመለሳል።

«ግቡ» አልኩ። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በቆሎውም አረረ።

አጎቴ እስኪሞት ከእኔ ጋር ኖረ። እሱ አረሰ፣ እኔ ትምህርት ቤት ተመለስኩ፤ ግራዝማች ወፍጯቸውን ሌላ ቦታ ተከሉ። ሲደክም አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ፣ «ያን ቀን አፌ ፈርሚ ቢልም ልቤ እምቢ በይ ይል ነበር» አለኝ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። የሚሞት ሰው ስለሆነ አምኜሃለሁ አልኩት። መሬቱም ቢሆን አብዮቱ ሲመጣ የመንግሥት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ሰዎች ቆራጥ ሴት ናት ይሉኛል። ልጆቼ አንድ ከባድ ነገር ሲገጥማቸው ዛሬም እኔ ዘንድ ይሰበሰባሉ፤ ሁሉም የመሰለውን ይናገርና በመጨረሻ፣ «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይሉና አፌን ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ አጎቴ ቆቡን አውልቆ ደጃፌ ላይ የቆመ ይመስለኛል። ነጠላዬን አስተካክላለሁ፣ ውኃ አምጡልኝ እላለሁ። እርጅና ነው ይላሉ።