እየበራ የሚጠፋው መብራት፦ ከደብረ ማርቆስ እስከ መርጡለ ማርያም

በመኪናዋ ውስጥ ሦስት ነበርን። መሪውን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ መንዳትም መጠገንም ማንም ሳያስተምረኝ የለመድሁ ሰው ነኝ። ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ እመቤት ናት፤ ከተዳረች ገና ወር አልሞላትም። ከጎኔ ባሏ ሙሉጌታ አለ፤ ደብረ ማርቆስ መምህር ነው። የምንሄደው ወደ እናቱ ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበር። እሳቸው በዚያው ቀን ጠዋት መርጡለ ማርያም ላይ አርፈዋል። እኔና እመቤት ይህን እናውቃለን፤ ሙሉጌታ አያውቅም።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ንጋት ላይ፣ ዘመድና የንስሐ አባት ተሰብስበው፣ ሐዘንተኛው ቢወድቅ የሚይዘው እጅ ባለበት ይነገራል። የሙሉጌታ አጎት ደውለው፣ «ቀብሩ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ምንም ብለህ አድርስልኝ» አሉኝ። እኔም ሙሉጌታን «እናትህን ትንሽ አሟቸዋል» ብዬ አስነሣሁት። ውሸት ተናገራችሁ ብዬ ልጆቼን የገረፍሁ ሰው፣ ያን ቀን አፌ ምንም አላደናቀፈኝም።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቁይ

ሰኔ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተነሣን። ገበሬው ጥቁሩን መሬት ገልብጦታል፤ አዲስ የታረሰው አፈር ከዝናቡ በኋላ ይጤሳል። በስተግራ ጮቄ ከደመና በላይ ብቅ ብሎ ነበር። ስንት ዓመት ባየውም ያ ተራራ ዝም ያሰኘኛል፤ ሰው ትንሽ መሆኑን ያለ ስብከት ይነግረዋል። ትንሽ ቆይቶ ጉሙ ወረደና ተራራውንም መንገዱንም ዋጣቸው። መብራት አበራሁ።

ከአንድ ቦይ ስንሻገር ሁለቱም የፊት መብራቶች ድርግም አሉ። በሚቀጥለው ጉድጓድ ተመልሰው በሩ። እንዲህ እየበሩ እየጠፉ፣ በእግር የሚሄድ እየቀደመን ቁይ ገባን።

ቁይ

ሻይ ቤት ደጃፍ ቆምሁና ኮፈኑን ከፈትሁ። ፊውዙን ለወጥሁ፤ ያው ነው። ማብሪያውን ፈታሁ፤ ደህና ነው። አምፖሎቹም አልተቃጠሉም። የሻይ ቤቷ ባለቤት በር ላይ ቆማ ታየናለች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ መኪናም መብራቷን ከከተማችን ነው እንዴ የምታገኘው? ደስ ሲለው ብቻ ይመጣል!»

ሙሉጌታ ሳቀ። እመቤት ለመሳቅ ሞከረችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እዚሁ ብታድሩ ምን አለበት?» አለች ሴትዮዋ። «አልጋ አለ፤ ጉሙ ሲገፈፍ ጠዋት ትሄዳላችሁ።»

«አናድርም» አልሁ።

«ይህን ገደል በዚህ መብራት? ምን የሚያስቸኩል ነገር ገጠማችሁ?»

ጎንበስ ብዬ ሽቦዎቹን መፈተሽ ጀመርሁ። ሙሉጌታ አንድ ጊዜ አየኝ፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ኮቱን አወለቀ።

«አባባ፣ ምን ልያዝልዎ?» አለኝ።

ነገሩን ያሳበቀችው ፍሬቻዋ ናት። ትልቁ መብራት ሲጠፋ፣ ማንም ሳይነካት ፍሬቻዋ ደብዘዝ ብላ ትበራ ነበር። ከባትሪው የወጣው ኃይል መመለሻ አጥቶ በሰው በር እየገባ ነው ማለት ነው። ከሱቅ ሽቦ ገዛሁና አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አሰርሁ፤ ሌላውን ሙሉጌታ ከመብራቱ ማሳ ላይ ያዘ። ማሳ የምንለው ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን፣ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን የሚታሰረውን ሽቦ ነው። ሁለቱም መብራቶች ቦግ አሉ! ጉሙ ከፊታችን እንደ ነጭ ግድግዳ ቆመ።

ብሎኑን ስፈታው ከሥሩ አዲስ ቀለም ተገኘ። በእመቤት ሠርግ ዋዜማ መኪናዋን የቀባውን ሰው፣ «ሰው እንዳይስቅብኝ፣ ጥፍር የምታህል ቦታ እንዳትቀር» ብዬው ነበር። እሱም ታዘዘ፤ ብሎኑን ፈትቶ ሥሩን ቀብቶ መልሶ አሰረው። ቀለም ኃይል አያሳልፍም፤ መኪናዋ ስትንገጫገጭ ብቻ ብረት ከብረት ይነካካል። ለሰው ዓይን ብሎ የሚሠራ ሰው የሚያገኘው ይህን ነው። ቀለሙን በቢላዋ ፍቄ ብሎኑን አጠበቅሁ። ሽሮ በላን፤ እመቤት አልቀመሰችም።

መርጡለ ማርያም

ከዚያ በኋላ መብራቱ አንድ ጊዜም አልከዳንም። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ጉሙ ተገፈፈና ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶ ታየ። ሙሉጌታ መንገዱን እያየ፣ አልፎ አልፎ «በቀኝ ገደል ነው፣ አባባ» ይለኝ ነበር። አጎቱ ቤት አደርን። ንጋት ላይ የንስሐ አባቱ ገብተው ነገሩት። ጮኸ፣ ወደቀ፣ ያዝነው። እናቱን ቀበረ።

መልስ

ለቅሶው ካለፈ በኋላ፣ ወደ ቤት ስንመለስ ቁይ አጠገብ ተናገረ።

«አባባ፣ እኔኮ እዚህ ነው ያወቅሁት።»

«እንዴት?»

«እርስዎ መብራት በሌለው መኪና ሰው አሳፍረው የሚሄዱ ሰው አይደሉም። የታመመች እናት እስከ ጠዋት ትጠብቃለች፤ ቀብር ነው የማይጠብቀው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«ገደል አለ። ባለቅስ ዓይንዎ ከመንገዱ ይነሣል፤ እመቤትም ስትታገል አየኋት።»

መኪናዋን ዳር አስያዝሁ፤ መንዳት አልቻልሁም። ይህ ልጅ እናቱ መሞታቸውን አውቆ ነው ሽቦውን ቀጥ አድርጎ የያዘልኝ። ስለ ትዕግሥት ለልጆቼ ብዙ ተናግሬአለሁ፤ ትዕግሥትን ግን በዓይኔ ያየሁት ያን ማታ ነበር፣ ያየሁትንም አላወቅሁትም።

ቤት ስንደርስ ሙሉጌታ ወጪውን ልካፈል አለኝ፤ አይሆንም አልሁት። ናፍጣ ሦስት መቶ ሰማንያ ብር፣ ሽቦ ዐሥራ ሁለት፣ ሽሮና ሻይ ሠላሳ፤ ለሦስታችን ደርሶ መልስ አራት መቶ ሃያ ሁለት ብር።