የውል መምህሩ ያላነበበው ፎርም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በቴሌግራም ሊንክ ላከችልኝ። «መምህር፣ ይህን ጽሑፍዎን ለመመረቂያዬ በጣም ፈልጌው ነበር፤ ገጹ ግን በዶላር ካልከፈልሽ አላስገባም አለኝ። እርስዎ ጋ ካለ ይላኩልኝ» ትላለች። ስከፍተው የራሴን ስም አየሁ፤ ከስሜ ሥር አምስት መስመር መግቢያ፣ ከዚያ በታች የተዘጋች ትንሽ ቁልፍ ተስላለች። ቁልፏን ሳያት የሸነን ከተማ ዝናብ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ያን ጊዜ አምቦ ላይ የሕግ አስተማሪ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ የማስተምረውም የውል ሕግ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ እንደሚታዘበኝ ስለማውቅ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔው ይስማ ብዬ ነው። ክፍል ገብቼ «ሳታነቡ አትፈርሙ!» ስል ድምፄ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ይሰማ ነበር ይሉኛል።

ጥናቴ በንጉሡ ዘመን ስለነበሩ የመሬት ክርክሮች ነበር። ገበሬው በማያውቀው ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ አሻራውን ያሳርፋል፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል የሚገባው መሬቱን ሊረከቡት ሲመጡ ነው። ከየመዝገብ ቤቱ ብዙም ስላላገኘሁ ወረቀቱን ከሰው ቤት መፈለግ ነበረብኝ። ኦቦ ገመዳን ያገኘሁት እንዲህ ስል ነው።

ኦቦ ገመዳ ሰማንያ የተጠጉ ሽማግሌ ነበሩ። ሸነን ከተማ ዳር፣ ከፊቱ ድንች ከጓሮው እንሰት ባለበት ቤት፣ ነርስ ከሆነችው ልጃቸው ከሲስተር ጫልቱ ጋር ይኖሩ ነበር። የአባታቸውን የፍርድ ግልባጭ በብስኩት ቆርቆሮ አኑረውታል። አባታቸው ለጎረቤት የከብት ክርክር ምስክር የሆኑ መስሏቸው አሻራቸውን ያኖሩበት ወረቀት የመሬት ሽያጭ ውል ሆኖ ተገኘ። ከሰሱ፣ ተከራከሩ፣ ተረቱ። ግልባጩ ውስጥ ግን ውሉን የጻፈው ሰው ለዳኛው የሰጠው ቃል አለ፦ «አላነበብኩለትም።» ዳኛው ይህን ሰምቶም አሻራው ያንተ ነው ብሎ ፈረደባቸው።

ሰፈሩ ይህን አያውቅም። ሰፈሩ የሚያውቀው «መሬቱን ለአረቄ ሸጠው» የሚለውን ነው። ቤተሰቡ ጸሎተኛ፣ መጠጥ የማይቀምስ ስለሆነ ይህቺ አረቄ የምትባል ነገር አብልጣ ታቃጥላቸው ነበር። ኦቦ ገመዳ ቆርቆሮውን ሲከፍቱልኝ አንድ ነገር ብቻ አስማሉኝ።

«ባርሲሳ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «የአባቴን ወረቀት ማንም አላነበበለትም። አንተ የምትጽፈውን ግን የፈለገ ሁሉ ያንብበው። ቃል ስጠኝ።»

ሰጠሁ። ቃል መስጠት ያን ጊዜ አይከብደኝም ነበር።

ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ጽፌ ውጭ አገር ወዳለ አንድ ጆርናል ላክሁ። ከዓመት በላይ ቆይቶ ተቀበሉት። መልሱ የመጣ ቀን ቢሮ ውስጥ ነበርኩ፤ ኢንተርኔት ለቀናት ጠፍቶ የተመለሰው ያን ዕለት ጠዋት ነው፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ገጹ ሁለት ምርጫ አቀረበልኝ። አንደኛው ጽሑፉን ማንም በነፃ ያንብበው፣ ጸሐፊው ግን ይክፈል የሚል ነው፤ የተጠየቀውን ገንዘብ አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ሁለተኛው ጸሐፊውን ምንም አያስከፍልም። እሱን ተጫንኩ። ረጅም ፎርም መጣ፤ መብራቱ ሳይጠፋብኝ ብዬ እስከ ታች አንሸራተትኩትና «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የምትለዋ ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ወዲያው መብራት ጠፋ። «እፎይ፣ ደረስኩ» አልኩ። ማታውን ጓደኞቼን ጉደር ወስጄ ጥብስ ጋበዝኩ፤ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ጽሑፉ ሲወጣ አንድ ቅጂ በኢሜይል ደረሰኝ። ለግል መገልገያ ብቻ፣ ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ነው ይላል። ያኔ ነው ፎርሙን ፈልጌ ያነበብኩት። የጽሑፉን መብት ሁሉ ለጆርናሉ አሳልፌ ሰጥቻለሁ። የምንሠራበት ዩኒቨርሲቲ እንኳ ጆርናሉን ስለማይገዛ ባልደረቦቼ ጽሑፌን መክፈት አልቻሉም። አባዝቼ ልበትነው ብዬ አስቤ ነበር፤ የክፍሉ ኃላፊ ግን «የዕድገት ፋይልህ ኮሚቴ ፊት ነው፤ ከጆርናሉ ጋር አትነካካ» አለኝ። ተውኩት። ለኦቦ ገመዳ የገባሁት ቃል በአንድ በኩል፣ ፊርማዬ በሌላ በኩል ያዙኝ። አምቦ መናኸሪያ ረዳቶች «ሸነን» እያሉ ሲጣሩ ስሰማ መንገድ እሻገር ነበር።

ሐምሌ ላይ ሲስተር ጫልቱ ደወለች። ለሥልጠና አምቦ መጥታ ኢንተርኔት ቤት ገብታ ፈልጋዋለች። ቁልፏንም ዶላሩንም አይታለች። «መምህር፣ አባዬ ና ብለውሃል» ብቻ ብላ ዘጋችው።

ሄድኩ። ከጉደር ወዲያ መንገዱ ጭቃ ስለነበር የተሳፈርኩበት አይሱዙ ሁለቴ ተያዘ፤ ሁለቴም ወርደን ገፋን። ስደርስ እግሬን አስታጠቡኝና ምግብ ቀረበልኝ፤ ትኩስ ቆጮ፣ አይብ፣ ጎመን። እንግዳ ሳይበላ አይወቀስም። እየበላሁ አንድም ሰው ስለ ጽሑፉ አላነሳም፣ ስለ ዝናቡና ስለ ድንቹ በሽታ ብቻ አወሩ። አጉርሰው ከሚወቅሱኝ ደጅ ላይ ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ሳህኑ ሲነሳ ኦቦ ገመዳ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ባርሲሳ፣ ሸጥከው አሉ።»

«ኧረ በጭራሽ! አንድ ሳንቲም አልተቀበልኩም።»

«አባቴም አልተቀበለም።»

ከዚያ ስለ ሁለቱ ምርጫ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ፎርሙ መዘብዘብ ጀመርኩ። ሲበቃቸው እጃቸውን አነሱ።

«ፈርመሃል?»

«አዎ።»

«አንብበህ?»

የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ጫልቱ መሬት መሬት ታያለች።

«አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አንተስ?»

የዚያን ዕለት ያፈርኩትን እፍረት ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ተነስቼ ልሂድ አልኩ። ጫልቱ በር ድረስ ወጥታ ተመለሰች፤ ወንዙ ሞልቷል፣ መኪና የለም፣ ነገም መኖሩን እንጃ አለች። ሁለት ሙሉ ቀን እዚያ ቤት ታገትኩ። ማንም አልሰደበኝም። ኦቦ ገመዳ አልጋቸውን ለቀውልኝ እሳቸው መደብ ላይ ተኙ፤ ጠዋት ደግሞ «ብርድ አገኘህ?» ብለው ጠየቁኝ። ላፕቶፔ ባትሪ ጨርሷል። ቆርቆሮው ፊት ለፊቴ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ወዴትም ዞሬ ባይ እሱን ነው የማየው።

በሁለተኛው ቀን ጫልቱ ከጤና ጣቢያ ገብታ ጫማዋን እያራገፈች አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«መምህር፣ ያ ፎርምህ የአባዬን ቆርቆሮም ይቆልፋል እንዴ?»

አይቆልፍም። የሰጠሁት የእኔን አጻጻፍ ነው፤ የተፈጸመው ነገር፣ የፍርዱ ወረቀት፣ የዚያ ጸሐፊ ቃል የማንም ጆርናል ንብረት አይደለም። ይህን እኔው ለተማሪ አስተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። ወራት ሙሉ ያሰረኝ ፎርሙ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ዕድገቴ መፍራቴና ከእኒህ ሽማግሌ ዓይን መሸሼም አስረውኛል።

ደብተር ለመንኩ። ጽሑፌን ሳላይ፣ ቆርቆሮውን ከፍቼ ከግልባጩ ላይ እንደ አዲስ በኦሮምኛ ጻፍኩ። ኦሮምኛ አወራለሁ እንጂ ስጽፍ እጄ ይንቀረፈፋል፤ ጫልቱ ከአጠገቤ ሆና «እኔ እንዲህ ብጽፍ ሁለተኛ ክፍልን አላልፍም ነበር» እያለች ታርመኛለች። በሁለቱ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ቤት ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ስንጨርስ ለኦቦ ገመዳ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። «አላነበብኩለትም» የምትለዋ ላይ ስደርስ «ድገማት» አሉኝ። ደገምኳት። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«አሁን ፈርም» አሉ።

እስክሪብቶ ሳነሳ በትራቸውን ነቀነቁ። «በእስክሪብቶ አይደለም።»

ጫልቱ ገባት። ለክትባት ዘመቻ የሕፃናት ጣት ላይ ምልክት የምታደርግበትን ማርከር ከቦርሳዋ አወጣችና አውራ ጣቴን ወይን ጠጅ ቀባችው። ከጽሑፉ ግርጌ አሳረፍኩት።

ጫልቱ ቅጂውን ቤተ ክርስቲያናቸው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈችው። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ አፉን ዘጋ አልልም፤ አረቄውን እስካሁን የሚያነሳ አይጠፋም። ኦቦ ገመዳ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያርፉ ግን ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «አባታቸው መሬቱን ሳይሸጡ የተነጠቁ» የሚል ገብቶበት ነበር። ቆሜ ሰማሁት። ከኋላዬ የነበሩት ሽማግሌዎች አላጉረመረሙም።

ዛሬ ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር አንዲት የሕግ ታሪክ ጆርናል እናዘጋጃለን። ጸሐፊውንም አንባቢውንም አናስከፍልም፤ ስለዚህ ሁሌም ወረቀትና ጊዜ ያጥረናል። ጸሐፊ ከመፈረሙ በፊት እደውልለትና ፎርሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብለታለሁ። ጆርናሏ ላይ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «ስብከቱ ተጀመረ» ብለው ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ።

የቆየው ጽሑፌ ግን እንደተቆለፈ ነው። ለተማሪዋ «እሱን ልልክልሽ አልችልም፣ ፈርሜበታለሁ» ብዬ ጻፍኩላትና የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንስቼ ላክሁላት።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መለሰች። «በጣም አመሰግናለሁ መምህር። ግን ግርጌው ላይ የፈሰሰው ወይን ጠጅ ቀለም ምንድነው?»

«ፊርማዬ ነው» አልኳት። «አንብቤ የፈረምኩት።»